የረጅም መንገድ ካሚዮን ጉዞን አስቀድሞ ስለ ማቀድ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ የትኛውን አርእስት እንምረጥ ብለን ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻም ከብዙዎቻችን ቤት የማይርቅ ጉዳይ መረጥን። ይኸውም በአሜሪካ አገር ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ግዛት ጭነት የሚያመላልስ የካሚዮን ሾፌር ጉዞውን በደኅናና በሕግ ለመፈጸም እንዴት አድርጎ ማቀድ እንደሚገባው ነው።

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸው። የአንዳንዶቻችን የትምህርት ወጪ የሚከፈለው እዚያ መሪ ጨብጦ ከሚውል ወንድም ወይም አጎት ገቢ ነው። ከእኛም ውስጥ ነገ ወደዚያ ሄደው በዚሁ ሥራ ለመሠማራት የሚያስቡ አሉ። ስለ ሥራው የምንሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘቡ ነው፤ ስለ መንገዱ የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ ለማስረዳት የምንሞክረው ዋና ነገር አንድ ብቻ ነው። ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሕጉ «ከዚህ አትለፍ» የሚል አጥር ነው፤ አስተዋይ ሾፌር ግን አጥሩን እየታከከ ሳይሆን ከአጥሩ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ይህም የሚወሰነው ሾፌሩ ደክሞት ቁልቁለት ላይ በደረሰ ጊዜ አይደለም፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፥ ካርታና እርሳስ ይዞ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ መንገድ በምሳሌ እንውሰድ። ሾፌራችን ከካሊፎርኒያ፥ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በኮሎራዶ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ዴንቨር ጭነት ያደርሳል እንበል። ርቀቱ 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢንተርስቴት 15 በተባለው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል፤ በኔቫዳ ላስ ቬጋስን ያልፋል፤ የአሪዞናን ጥግ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ቆርጦ ዩታ ይገባል፤ ኮቭ ፎርት ከተባለው ስፍራ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጥፎ ኢንተርስቴት 70ን ይይዛል፤ ከዚያም የሮኪን ተራሮች ተሻግሮ ዴንቨር ይወርዳል። እነዚህ ጎዳናዎች ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የፈረሙት ሕግ ካስገኛቸው መንገዶች መካከል ናቸው። መንገዱ አንድ ይምሰል እንጂ የአምስት ግዛቶች ሕግ የሚፈራረቅበት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ራሱ ስለ ሾፌሩ ነው። የከባድ ጭነት መንጃ ፈቃድ በብዙ ግዛቶች በ18 ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገር ጭነት ለመንዳት ግን ጠቅላላው ደንብ 21 ዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ እኛ በፊታችሁ የቆምነው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች በካሊፎርኒያ ተጭኖ በካሊፎርኒያ የሚራገፍ ዕቃ ለመንዳት ብንችል እንኳ ይህን የዴንቨር ጭነት መንካት አይፈቀድልንም። ከ2022 ፌብሩዋሪ ወር ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሾፌር በመንግሥት መዝገብ ከገባ የማሠልጠኛ ስፍራ ትምህርቱን ሳይፈጽም ለመንዳት ፈተናው መቅረብ አይችልም። ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የጤና ምስክር ወረቀትም ያስፈልገዋል። የመንገድ ምልክት ለማንበብና ለተቆጣጣሪ ጥያቄ ለመመለስ የሚበቃ እንግሊዝኛ ማወቅም በሕግ የታዘዘ ነው፤ በ2025 ጁን ወር መጨረሻ ይህ ደንብ ጠንክሮ ሾፌሩ እዚያው መንገድ ላይ ከሥራ የሚታገድበት ምክንያት ሆኗል። የእንግሊዝኛ ሰዓት ሲደርስ የምናዛጋ ተማሪዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ስለ መኪናው ወረቀት ነው። ለኪራይ ተራ ጭነት ከግዛት ወደ ግዛት የሚያጓጉዝ ከባድ መኪና ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። የታርጋው ክፍያ በየግዛቱ በተነዳው ርቀት ይከፋፈላል፤ የነዳጁም ቀረጥ እንዲሁ በየግዛቱ ተቈጥሮ በየሦስት ወሩ ይታሰባል። እንግዲህ ስንት ኪሎ ሜትር በየትኛው ግዛት እንደ ተሄደና ነዳጁ የት እንደ ተቀዳ ያልመዘገበ ሰው፥ መንገዱን በሰላም ቢጨርስም በሂሳብ ቀን ይቸገራል።

ሦስተኛው ክብደትና ቁመት ነው። በኢንተርስቴት ጎዳናዎች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት፥ መኪናውና ጭነቱ በአንድነት፥ 80,000 ፓውንድ ነው። ይህም በእኛ አገር አነጋገር 363 ኩንታል ያህል መሆኑ ነው። ነገር ግን ጠቅላላው ልክ ሆኖ ክፍፍሉ ሊበላሽ ይችላል። በአንድ ነጠላ አክስል ላይ 91 ኩንታል፥ በጥንድ አክስል ላይ ደግሞ 154 ኩንታል ያህል ነው የሚፈቀደው። ድልድይ የሚሰበረው በጠቅላላው ክብደት ብቻ ሳይሆን ክብደቱ በአንድ ስፍራ በመከማቸቱም ስለ ሆነ፥ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ጭምር የሚታሰብበት ቀመር በ1975 በሕግ ወጥቷል። ስለዚህ ሾፌራችን ከመጋዘኑ እንደ ወጣ በቅርብ ካለ ሚዛን ላይ ወጥቶ መመዘን፥ ወደ ኋላ የከበደ እንደ ሆነም የተሳቢውን የኋላ እግር አንሸራቶ ማስተካከል አለበት። በዚህም ጊዜ ካሊፎርኒያ ለተሳቢው የኋላ አክስል የራስዋ የርቀት ወሰን እንዳላት ማስታወስ ይገባዋል፤ በሌላ ግዛት የተፈቀደ አቀማመጥ በካሊፎርኒያ ሊያስቀጣ ይችላል።

ቁመትን በተመለከተ የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ወሰን አላወጣም፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይወስናል። ብዙዎቹ ተሳቢዎች 4 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማሉ። ለትናንሽ መኪናዎች የተሠራ የስልክ ካርታ ግን የመኪናውን ቁመት አይጠይቅም፤ በአቋራጭ እያለ ወደ ዝቅተኛ ድልድይ ይመራል። ከምሳሌ መንገዳችን ርቆ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፥ በደርሃም ከተማ፥ ከፍታው 3 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ብቻ የነበረ የባቡር ድልድይ አለ። የብዙ ካሚዮኖችን ጣሪያ እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ስለ ገፈፈ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ2019 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት፤ ከዚያም በኋላ የሚገጩት አልጠፉም። ስለዚህ ለካሚዮን ተብሎ የተዘጋጀ ካርታ መያዝና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች፥ ማለት ከአውራ ጎዳናው እስከ ማራገፊያው በር ያለውን መንገድ፥ አስቀድሞ ማጥናት ግዴታ ነው።

አራተኛውና ዋናው የሰዓት ጉዳይ ነው። አንድ ጭነት አመላላሽ ሾፌር ለ10 ተከታታይ ሰዓታት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል። ሥራ ከጀመረባት ደቂቃ አንሥቶ 14 ሰዓት ካለፈ ግን 11ዱን ባይጨርስም መንዳቱ ያበቃል። 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከመሪው ሳይርቅ መቀጠል አይችልም። ከዚህም ሌላ በሰባት ቀን 60 ሰዓት፥ ወይም እንደ ድርጅቱ አሠራር በስምንት ቀን 70 ሰዓት ከሠራ በኋላ አይነዳም። ቀድሞ ይህ ሁሉ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ስለ ነበረ የሚያታልል አይጠፋም ነበር። ከ2019 ዲሴምበር ጀምሮ ግን፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሰዓቱን ራሱ ይቈጥራል።

ከእነዚህ ሁሉ ሰውን የሚያጠምደው አሥራ አራቱ ሰዓት ነው። ሾፌራችን የመጀመሪያውን ቀን በዩታ ግዛት ቢቨር በተባለች ከተማ ለማደር አሰበ እንበል፤ እስከዚያ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳገቱንና መጨናነቁን ቈጥሮ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 9 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይነዳል። መኪናውን ለመመርመርና ነዳጅ ለመቅዳት 40 ደቂቃ፥ ለዕረፍት 30 ደቂቃ ብንጨምር 11 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በሎስ አንጀለስ ጫኚው ሦስት ሰዓት ቢያስቆመው አሥራ አራቱ ሰዓት ልክ ሞላ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ጎማ ቢተነፍስ ከቢቨር ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ዕቅዱ አንድ ማደሪያ ብቻ ሊኖረው አይገባም። ቢቨር ካልተቻለ ሲዳር ሲቲ፥ እርስዋም ካልተቻለች ሴንት ጆርጅ ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሰዓትን ካነሣን ዘንድ አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። ከኔቫዳ ወደ ዩታ ሲገቡ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የሾፌሩ መዝገብ የሚቈጠረው በመነሻ ድርጅቱ ሰዓት ሲሆን የማራገፊያው ቀጠሮ ግን በዴንቨር ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምረን የምንቈጥር ሕዝብ ነን፤ «ስምንት ሰዓት» የተባለው ቀጠሮ በእኛ ጧት ሁለት ሰዓት መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው ጥቅም የሚሰጠው።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ ደረስን። ከቢቨር እስከ ዴንቨር የቀረው 850 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው አማካይ ፍጥነት ቢታሰብ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሕጉ 11 ሰዓት ይፈቅዳልና በሁለተኛው ቀን ዴንቨር መግባት በወረቀት ላይ ይቻላል። ዳሩ ግን ያ መንገድ ምን ዓይነት መንገድ ነው? በዩታ ከሳላይና እስከ ግሪን ሪቨር ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅም ምግብም የለበትም። ከግራንድ ጃንክሽን በኋላ የግሌንዉድ ሸለቆ ይመጣል። ከዚያም 3,250 ሜትር ከፍታ ያለው የቬይል ማለፊያ፥ ቀጥሎም 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ ይከተላል። ከዋሻው እስከ ዴንቨር የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ቁልቁለት ነው። የሁለት ቀን ዕቅድ ያወጣ ሾፌር ይህን ቁልቁለት የሚጀምረው በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ነው። የዓባይን በረሃ ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

ቁልቁለት የሚወረደው በፍሬን ብቻ አይደለም። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ማስገባት አለበት፤ ፍጥነቱ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማርሹ እሺ ላይል ይችላል። ከዚያም ፍሬኑን ሳያቋርጥ ረግጦ መያዝ ሳይሆን ፍጥነቱ ከታሰበው ልክ ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መቀነስ፥ ቀጥሎ መልቀቅ፥ እንደ ገና መርገጥ ነው። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ በጎዳናው ዳር አሸዋና ጠጠር የተሞሉ የማምለጫ መንገዶች ተሠርተዋል። ወደ ዴንቨር ሲቃረቡ መንገዱ ያለቀ ስለሚመስል ለካሚዮን ሾፌሮች «ገና ወርዳችሁ አልጨረሳችሁም» ብለው የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች ቆመዋል።

አፕሪል 25 ቀን 2019 በዚሁ ቁልቁለት የወረደ አንድ ካሚዮን ፍሬኑ አልይዝ ብሎት የማምለጫውን መንገድ አልፎ ሄደ፤ ሌክዉድ በተባለች ከተማ አጠገብ በመጨናነቅ ምክንያት ቆመው በነበሩ መኪናዎች ላይ ወጣ። አራት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ የሃያ ሦስት ዓመት ስደተኛ ወጣት ነበረ። በ2021 ዲሴምበር ፍርድ ቤቱ 110 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ብዙ ሰዎች ስለ ጮኹለት በዚያው ወር መጨረሻ የግዛቱ ገዢ ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ይህን የምንናገረው በእርሱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የአራቱን ሙታን ቤተሰብ ኀዘንም፥ ከእኛ በአምስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ የአንድ ወጣት ዕድሜ እንዴት እንደ ጠፋም እንድናስብ ነው።

ስለዚህ የእኛ ዕቅድ የሦስት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን 460 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ማለት ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነድቶ በግራንድ ጃንክሽን ያድራል። በሦስተኛው ቀን ፍሬኑን በብርሃን መርምሮ፥ ተራራውን በጧት፥ በታደሰ አካልና በንጹሕ ዓይን ይሻገራል። ከዚያ እስከ ዴንቨር አምስት ሰዓት ያህል ነው። ግማሽ ቀን ዘገየ፤ ነገር ግን ሁለቱም ዕቅዶች ሕጋውያን ሲሆኑ አንዱ ብቻ ብልህ ነው።

ተራራው የራሱ ደንብም አለው። በኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በዚህ ጎዳና ተራራማ ክፍል የሚያልፍ የንግድ መኪና በረዶ ባይኖርም የጎማ ሰንሰለት መያዝ አለበት። ፈንጂና ተቀጣጣይ የመሰለ አደገኛ ጭነት ያለበትም በጠቅላላው በዋሻው ውስጥ ማለፍ ስለማይፈቀድለት ከፍ ባለው በላቭላንድ ማለፊያ ይዞራል። መንገዱ ጭራሽ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ በ2021 የግሌንዉድ ሸለቆ በጭቃ ናዳ ምክንያት ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ ተዘግቶ ነበር። ተለዋጩ መንገድ በሰሜን በኩል በዋዮሚንግ ያለው ኢንተርስቴት 80 ነው፤ እርሱም በክረምት በነፋስና በበረዶ ይዘጋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ኮቭ ፎርት ላይ ነው፤ ይህም ከሸለቆው በጣም ቀድሞ ነው። የመንገዱን ወሬ ከኮቭ ፎርት በፊት ያልጠየቀ ሰው ምርጫው ካለፈ በኋላ ይጠይቃል።

ደግሞም የማደሪያ ችግር አለ። ሰዓቱ ያለቀበት ካሚዮን እንደ ትንሽ መኪና በየትም ጥግ አይቆምም። በ2009 ማርች ወር አንድ ሾፌር ጭነቱን ከቀጠሮው ቀድሞ ስላደረሰ በማራገፊያው ስፍራ መጠበቅ አልተፈቀደለትም፤ በደቡብ ካሮላይና በተተወ የቤንዚን ማደያ ቆሞ ሳለ ወንበዴ ገደለው። ባለቤቱና ወዳጆቹ ባደረጉት ትግል ስለ ካሚዮን ማቆሚያ በ2012 የወጣው ሕግ በእርሱ ስም «የጄሰን ሕግ» ተባለ። እንግዲህ ማቆሚያው ሲመሽ የሚፈለግ ሳይሆን በቅድሚያ የሚታሰብ ነው፤ የዕለቱ ጉዞም ከማቆሚያው ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይታቀዳል።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጭነት ሰጪው በሁለት ቀን አድርስ ቢልስ?» ትሉን ይሆናል። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ሾፌርን ሕግ እንዲጥስ የሚያስገድድ ባለ ጭነት፥ ደላላ ወይም ድርጅት ራሱ የሚቀጣበት የፌዴራል ደንብ በሥራ ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚያግዘው ሕጉ ሲጣስ ነው፤ ሕጋዊ ሆኖ አደገኛ የሆነውን የሁለት ቀን ዕቅድ ግን እምቢ የሚለው ሾፌሩ ብቻ ነው። ይህም እምቢታ ቀላል የሚሆነው ጭነቱን ከመቀበሉ በፊት ነው። ቀጠሮውን ከተቀበለ፥ ዕቃውም ከተጫነ በኋላ ቃል መመለስ ይከብዳል። ሁሉን ነገር አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የምንለው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን እንናገር። ሾፌሩን የሚያስቸኩለው ባለ ጭነቱ ብቻ አይደለም፤ እኛም እናስቸኩለዋለን። የቤት ኪራይ፥ የትምህርት ክፍያ፥ የሠርግ ወጪ ብለን ሳምንቱን እንቈጥርበታለን። እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በዴንቨር፥ በእኛ አቈጣጠር፥ ጧት አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው፤ እርሱ መሪ ይዞ ባለበት ጊዜ ስልክ እንደውላለን፤ ካላነሣም እንቀየማለን። በዚያ አገር ከ2012 ጀምሮ የካሚዮን ሾፌር እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ እንዳይነጋገር ተከልክሏል። እኛም ከዛሬ ጀምሮ ስንደውል መጀመሪያ «ቆመሃል ወይስ እየነዳህ ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ እየነዳ ከሆነ ወዲያው እንዝጋ። ገንዘቡ በአንድ ሳምንት ቢዘገይም አናጉረምርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ አለ።

ወደዚያ ሥራ ለመሄድ የምታስቡ ጓደኞቻችንም የሂሳቡን፥ የጂኦግራፊውንና የእንግሊዝኛውን ትምህርት አትናቁ። ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል፥ ካርታ ማንበብ፥ ሰሌዳውን መረዳት፥ እነዚህ ሁሉ እዚሁ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ የተማርናቸው ናቸው። የቀረው ሕጉ ሲፈቅድልንም «ዛሬ እዚህ አድራለሁ» ለማለት የሚበቃ ልብ ነው።